የብልቃጧ ልጅ ወይስ የምግብ ጸሐፊው? ለዜሮ ዌስት ኑሮ ማንን እንከተል

የፍሪዘሩ በር አልዘጋ አለኝ። ገፋሁት፣ ተመልሶ ተከፈተ። ውስጡን ሳየው አራት ፌስታል ሙሉ የአትክልት ልጣጭ ተጠቅጥቆበታል። የሽንኩርት ቅርፊት፣ የካሮት ጫፍ፣ የጥቅል ጎመን ግንድ፣ የብሮኮሊ ቅጠል። ሁለት ወር ሙሉ ያጠራቀምኩት ነው። ምክንያቱም አርባ ሰከንድ የማትሞላ ቪዲዮ ላይ አንዲት ልጅ ልጣጭ አይጣልም፣ ፍሪዘር ውስጥ አጠራቅማችሁ መረቅ ሥሩበት ብላ ነበር። ሙዚቃው ደስ ይላል። ኩሽናዋ ደግሞ ከሙዚቃውም ይበልጣል።

በዚያው ምሽት ሁሉንም ትልቅ ድስት ውስጥ ጨምሬ ሦስት ሰዓት አፈላሁት። ቤቱ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ሸተተ። መረቁ መራራ ሆነ። ሁለት ማንኪያ ቀምሼ ደፋሁት። ልጣጩም፣ ውሃውም፣ የሦስት ሰዓት እሳቱም አብሮ ሄደ።

ምክንያቱን ያገኘሁት ቆይቶ፣ አንድ የቆየ የምግብ ዓምድ ሳነብ ነው። ጎመንና የጎመን ዘመዶች፣ ማለትም ብሮኮሊና አበባ ጎመን፣ ረጅም ሰዓት ሲፈሉ ሰልፈር ያለባቸው ውህዶች ይለቃሉ። ሽታው ከዚያ ነው የሚመጣው። የሽንኩርት ቅርፊትም ትንሽ ሲሆን ቀለም ይሰጣል፣ ሲበዛ ያመራል። ጸሐፊው ይህን ሁሉ በሁለት መስመር ጨርሶታል። ሁለት መስመር! እኔ ሁለት ወር ፈጀብኝ።

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ? እንደዚያ ነው የሆንኩት። ከዚያ በኋላ የምከተላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ መመርመር ጀመርኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ምርመራ ውጤት ነው። ስለ ዜሮ ዌስት፣ ማለትም ቆሻሻ ሳያወጡ ለመኖር ስለ መጣር፣ ምክር ለመቀበል የምግብ ጸሐፊ ይሻላል፣ የኑሮ ዘይቤ ኢንፍሉዌንሰር፣ አጭር ቪዲዮ የሚሠራ አብሳይ ወይስ ታዋቂ ሼፍ? መልሱ እንደየቤቱ ነው። ግን ሁሉም እኩል ናቸው አልልም።

በምን እንለካቸው?

ስለ ዜሮ ዌስት የሚያወራ ሁሉ ስለ አንድ ነገር የሚያወራ ይመስላል። አይደለም። አንዱ የሚያወራው ስለ ማሸጊያ ነው፤ ስለ ፌስታል፣ ስለ ስትሮ፣ ስለ ፕላስቲክ ጠርሙስ። ሌላው ስለ ምግብ ነው። ሁለቱም አንድ ቅርጫት ውስጥ ስለሚጣሉ አንድ ጉዳይ ይመስሉናል።

የምግቡ መጠን ያስደነግጣል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2022 ብቻ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ በዓለም ላይ ተጥሏል። አጥንትና ልጣጩም አብሮ ተቆጥሮ ነው። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የተጣለው ከመኖሪያ ቤት ነው። ሬስቶራንትና መሰሎቹ 28 በመቶ፣ መደብሮች 12 በመቶ ድርሻ አላቸው። ከቤት የሚጣለው ብቻ ለአንድ ሰው በዓመት 79 ኪሎ ይደርሳል። ጥፋቱን ሱፐርማርኬቶች ላይ ለመደፍደፍ ለምንቸኩል ሰዎች ቁጥሩ ደስ የሚል አይደለም።

የተቀበረ ምግብ አየር ሳያገኝ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሚቴን በ20 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 ጊዜ በላይ ያሞቃል። ከዚያ በፊት ደግሞ ምግቡን ለማብቀል የፈሰሰው ውሃ፣ የታረሰው መሬትና ለማጓጓዝ የተቃጠለው ነዳጅ አለ። ኮምፖስት ማድረግ፣ ማለትም አበስብሶ ማዳበሪያ ማድረግ፣ ይህን አይመልሰውም። ከመቅበር ይሻላል፤ ከመብላት ግን አይተካከልም።

እንግዲህ የኔ መለኪያ ይህቺ ናት፦ ይህ ሰው የምጥለውን ምግብ ይቀንስልኛል ወይስ የቅርጫቴን መልክ ብቻ ያሳምርልኛል?

ብልቃጧ

የዜሮ ዌስት አርማ የሆነችው የአንድ ዓመት ቆሻሻ የገባባት የመስታወት ብልቃጥ ናት። ሐሳቡን በሰፊው ካስተዋወቁት ሰዎች ግንባር ቀደሟ ፈረንሳይ ተወልዳ ካሊፎርኒያ የኖረችው ቢያ ጆንሰን ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 መጽሐፏ ወጣ። የአራት ሰው ቤተሰቧ የዓመት ቆሻሻ አንድ ሊትር ገደማ የምትይዝ ብልቃጥ ውስጥ ገብቶ ታየ። ከዚያ ወዲህ ብልቃጧ በየስልኩ ዞረች።

ጆንሰን አምስት እርምጃ አስቀምጣለች። የማያስፈልግን ነገር እምቢ ማለት፣ የሚያስፈልገውን መቀነስ፣ ደግሞ መጠቀም፣ ሪሳይክል ማድረግ፣ የቀረውን ማበስበስ። በቅደም ተከተል ይሁን ትላለች። ቁም ነገሩም እሱ ነው። እምቢ ማለት አንደኛ ነው፣ ኮምፖስት መጨረሻ።

አሁን ስልካችሁን ክፈቱና ተከታዮቿን ነን የሚሉትን እዩ። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ቪዲዮ ለጀማሪ የሚያስፈልጉ ዕቃዎች ዝርዝር ነው። የብረት ስትሮ፣ የቀርከሃ ማንኪያና ሹካ፣ በሰም የተነከረ ጨርቅ፣ አንድ ዓይነት የሆኑ ብልቃጦች። እምቢ ማለት የት ገባ? አንደኛው እርምጃ ተዘሎ ወደ ገበያ ተሄደ።

እያፈርኩ ልንገራችሁ፣ እኔም ገዝቻለሁ። ስድስት ብልቃጥ፣ ክዳናቸው የእንጨት፣ ሁሉም እኩል። የገዛሁ ቀን ቁም ሳጥኑ ውስጥ የቲማቲም ድልህና የማር ባዶ ብልቃጦች ነበሩኝ። ዘጠኝ ናቸው፣ በኋላ ቆጠርኳቸው። የእንጨቱ ክዳን ደግሞ ሲታጠብ አብጦ አልገጥም አለ። የድልሁ ብልቃጥ እስከ ዛሬ ያገለግላል።

የጥጥ ከረጢትም ታሪኩ ይሄው ነው። የዴንማርክ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 የተለያዩ መገበያያ ከረጢቶችን አወዳድሮ ነበር። የተለመደው የጥጥ ከረጢት በአየር ንብረት በኩል ብቻ ከቀላሉ የፕላስቲክ ከረጢት ጋር እንዲስተካከል ቢያንስ 52 ጊዜ አገልግሎት መስጠት አለበት። የተጠኑት የአካባቢ ጉዳቶች ሁሉ ከታሰቡ ቁጥሩ 7,100 ይደርሳል። ይህ ትልቁ ቁጥር በዋናነት የመጣው በኦዞን ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ከሚለካው መለኪያ ስለሆነ እንደ ወረደ ይዞ መደንገጥ አይገባም። 52 ግን በቂ መልእክት ነው። አንድ ከረጢት ካላችሁ እሷኑ እስክታልቅ ያዟት። በየፕሮግራሙ የሚታደለው አሥራ አምስተኛው ከረጢት ፌስታል ከመያዝ አይሻልም።

ብልቃጧ የምትደብቀውም አለ። ኮምፖስት የሆነው ምግብ እዚያ ውስጥ አይገባም። ሪሳይክል የተደረገውም አይገባም። የብልቃጧ ባለቤት በጅምላ ከሚሸጥ ቦታ በራሷ ዕቃ ሩዝ ስትሞላ፣ ሩዙ ወደዚያ የመጣበት ከረጢት አይታይም። ግማሽ ዳቦ፣ ሁለት ሙዝ፣ የትናንት ፓስታ በየቀኑ እያበሰበሱም ባዶ ብልቃጥ ማሳየት ይቻላል። ማጭበርበር አይደለም። ብልቃጧ የምትለካው ነገር ሌላ ስለሆነ ነው።

ሚዛናዊ ልሁን። እነዚህ ሰዎች የማያስተምሩት ነገር የለም ማለት አይደለም። ከቤት ሲወጡ የውሃ ኮዳና ምሳ ዕቃ መያዝን ከማንም በላይ ያስለመዱት እነሱ ናቸው። አስተናጋጅ ስትሮ ሲያመጣ «ይቅርብኝ» ማለት ቀላል ይመስላል እንጂ ላልለመደው ያሳፍራል። ሌላ ሰው ሲለው ማየት ድፍረት ይሰጣል። ይህን ጽሑፍ ብቻውን አያደርገውም። ፊትና ድምፅ ይፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ እየገዛችሁ የምትበሉ፣ ቅርጫታችሁም በማሸጊያ የሚሞላ ከሆነ፣ የብልቃጧ ልጅ ትጠቅማችኋለች። ሱቋን ሳይሆን ልማዷን ውሰዱ።

የምግብ ጸሐፊው

የምግብ ጸሐፊ «ዜሮ ዌስት» የሚለውን ቃል ጭራሽ ላይጠራው ይችላል። የተረፈን ምግብ ስለመጠቀም መጻፍ ከቃሉ በፊት የነበረ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የብሪታንያ የምግብ ሚኒስቴር ያለውን አብቃቅቶ ስለማብሰል በራሪ ወረቀት እያሳተመ ያሰራጭ ነበር። ፎቶ የለው፣ ሙዚቃ የለው። መጠን፣ ቅደም ተከተል፣ በቃ።

እዚህም ግን ሁሉም አንድ አይደለም። ጥሩውን ከመጥፎው የምለይበት ቀላል ዘዴ አለኝ። «ወይም» የሚለውን ቃል እቆጥራለሁ።

ደረቅ ዳቦን ውሰዱ። አንዱ ጸሐፊ እንዲህ ይጀምራል፤ ሁለት ጭብጥ የሚሆን ደረቅ ዳቦ፣ የትኛውም ዓይነት ቢሆን። ሽንኩርት ወይም ነጭ ሽንኩርት ወይም ሁለቱም። ውሃ ወይም መረቅ። የጠወለገ ቅጠል ካለ ጣሉበት፣ ከሌለ እለፉት። ዳቦው ገና ለስላሳ ከሆነ ውሃውን ቀንሱ። እንቁላል ካላችሁ መጨረሻ ላይ ስበሩበት። ይህ ሰው ቆሞ የሚያወራው እኔ ፍሪጅ ፊት ነው።

ሌላው ጸሐፊ ደግሞ ግማሽ እስር ፐርስሊ ለማዳን ብሎ ይነሳና ለውዝ፣ አንድ የተለየ አይብ፣ ሁለት ሎሚ፣ የወይራ ዘይትና መፍጫ ማሽን ያዝዛል። «ወይም» የለም። እንዳዘዘው አደረግኩ። ፐርስሊው ዳነ። አይቡ ከሳምንት በኋላ ሻገተ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። «የትርፍራፊ ምግብ አሠራር» የሚል ርዕስ ስላለው ብቻ ትርፍራፊ ይቀንሳል ማለት አይደለም።

ሌላው የማየው ነገር ጸሐፊው ስለ ነገ ያስባል ወይ የሚለውን ነው። ጥሩው ዶሮ ሲጠብስ አጥንቱን አይረሳም። አጥንቱ ማታውኑ ድስት ውስጥ ይገባል፣ መረቁ ነገ ሩዝ ይቀቀልበታል፣ የተረፈው ሩዝ ከነገ ወዲያ በእንቁላል ይጠበሳል። አንድ ምግብ ሳይሆን ሦስት ቀን ነው የሚጽፈው። ቪዲዮ ይህን ለማሳየት ይቸገራል። ሦስት ቀን አርባ ሰከንድ ውስጥ አይገባም።

ከሁሉ በላይ ጸሐፊ የሚበልጥበት ቦታ መጠን ነው። ለአንድ ሰው 75 ግራም ገደማ ደረቅ ሩዝ ይበቃል የሚል አንድ መስመር፣ በቤቴ ከመቶ የልጣጭ ቪዲዮ የበለጠ ምግብ አድኗል። እኔ በግምት ስጨምር ለሁለት ሰው የአምስት ሰው እቀቅል ነበር። ይህ ምክር በቪዲዮ የማይሄደው ለምን እንደሆነ አስቡት። ትንሽ ሩዝ ማብሰል ምን ያሳያል? ከመግዛት በፊት ፍሪጅ ከፍቶ ማየት ማን ላይክ ያደርገዋል? ትልቁን ምግብ የሚያድኑት ምክሮች ለዓይን አይገቡም። የሚያምረው ልጣጩ ነው።

የጸሐፊው ድካም ጊዜ ነው። ማንበብ ይጠይቃል። አንዳንዱም ሰው ሁሉ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ተቀምጦ ድስት የሚጠብቅ ይመስለዋል። ስለ አያቱ ሦስት አንቀጽ ሳይጽፍ ሽንኩርት የማይከትፍም አለ። ይህን ታገሡ ወይም ዝለሉት።

አጭር ቪዲዮ

ቪዲዮን አትጥሉት። የብሮኮሊ ግንድ አላላጥ ያየሁት እዚያ ነው። ሴትዮዋ ግንዱን አቆመችው። ከታች ጀምራ ቢላዋውን ከወፍራሙ ቅርፊት ሥር አስገባች፣ ወደ ላይ ሳበችው። ቃጫው በረጅሙ ተገፈፈ። ውስጡ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ እርጥብ ነው። አንዷን ቁራጭ ጥሬዋን ስትነክስ ድምፁ ተሰማ። ጨረስን። አምስት ሰከንድ ነው። ይህንኑ በጽሑፍ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አንብቤው ነበር፣ ግን እጄ አልገባውም። እጅ የሚማረው ከእጅ ነው።

ስለዚህ እንዴት ይቆረጣል፣ ሊጡ ምን ይመስላል፣ ሲበስል ቀለሙ ምን ይሆናል የሚለውን ከቪዲዮ ተማሩ። ችግሩ የሚመጣው ስልኩ አዲስና እንግዳ ነገርን ወደፊት ሲገፋ ነው። የሙዝ ልጣጭ ጥብስ ከሙዝ እንጀምር ከሚለው ይልቅ ብዙ ሰው ያየዋል። የካሮት ጫፍ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ሲያቆጠቁጥ ደስ ይላል። ነገር ግን የሚወጣው ቅጠል ብቻ ነው። አዲስ ካሮት ከዚያ አይበቅልም፤ ሥሩ አንዴ ተቆርጧል። ቪዲዮው ቅጠሉ ሲወጣ ያበቃል። ካሮት ጠብቀው የቀሩት ሰዎች ቪዲዮ አይሠሩም።

አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅሎ ማጽጃ መሥራትም እንዲሁ ነው። አረፋው ያስደምማል። ግን አንዱ አሲድ፣ ሌላው የአሲድ ተቃራኒ ነው። ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። የሚቀረው በአብዛኛው ጨው ያለበት ውሃ ነው። ለየብቻቸው ቢሆኑ ይሻላሉ። አቼቶን ከበረኪና ጋር ግን በፍጹም አታገናኙ፤ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፣ ሳንባ ይጎዳል።

ይህን ካነሳሁ አይቀር የምግብ ደህንነቱን ልጨርሰው። እኔ ሰውን መከተል የማቆመው በዚህ ነው። ሲያስፈልግ «ይህን ጣሉ» የማይል ሰው ስለ አለመጣል ሊያስተምረኝ አይችልም።

የድንች ልጣጭ ጥብስ ጥሩ ነገር ነው። ድንቹ አረንጓዴ ከሆነ ወይም ካቆጠቆጠ ግን ሶላኒን የሚባለው መርዛማ ነገር ልጣጩና ቡቃያው አካባቢ ይበዛል። ማብሰል ብዙም አያጠፋውም። አረንጓዴው ክፍል ይጣላል። የተቀቀለ ሩዝ ድስቱ ላይ አድሮ ጠዋት መሞቅ የለበትም። በማፍላት የማይሞቱ የባክቴሪያ ዘሮች አሉበት። ክፍሉ ውስጥ ሲቆይ መርዝ ይሠራሉ፣ መርዙም በማሞቅ አይጠፋም። በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፣ ፍሪጁም ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ አይብለጥ። ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ነክሮ መደርደሪያ ላይ ማሳመር ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። አየር የሌለበት ቦታ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ ለሚያመጣው ባክቴሪያ ይመቸዋል። ፍሪጅ ውስጥ፣ ያውም ለጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚቀመጠው። የሻገተ ዳቦ ላይ ሻጋታውን ቆርጦ ሌላውን መብላት አይሆንም። ዳቦ ለስላሳ ስለሆነ ሻጋታው ከሚታየው በላይ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ጠንካራ አይብ ከሆነ ግን ከሻጋታው ዙሪያ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ ማትረፍ ይቻላል።

ሁለት ዓይነት የቀን ምልክት መኖሩንም የሚያስረዳችሁን ሰው ያዙ። «ከዚህ ቀን በፊት ቢበላ ይመረጣል» የሚለው ስለ ጣዕምና ጥራት ነው። «እስከዚህ ቀን ይበላ» የሚለው ስለ ጤና ነው። የመጀመሪያውን በዓይንና በአፍንጫ ፈትሾ ማለፍ ይቻላል። ሁለተኛውን አትጫወቱበት። «ቀን ምንም ማለት አይደለም» ብሎ ሁለቱን የሚደባልቅ ሰው ገጠመኝ። ፎሎወሩ ብዙ ነው። ተሰናበትኩት።

ሼፎቹ

እዚህ አልቆይም። እ.ኤ.አ. በ2014 ዳግላስ ማክማስተር እንግሊዝ አገር ብራይተን ውስጥ ያለ ቆሻሻ ቅርጫት የሚሠራ ሳይሎ የሚባል ሬስቶራንት ከፈተ። በ2015 ማሲሞ ቦቱራ ሚላን ላይ፣ ከዓለም ኤክስፖ የተረፈውን ምግብ ታዋቂ ሼፎች ለችግረኞች የሚያበስሉበት ቤት አቋቋመ። ሁለቱም የሚደነቁ ናቸው። ለቤት ግን መመሪያ አይሆኑም። ሬስቶራንት ውስጥ አንድ ሰው ሙሉ ቀን ልጣጭ ሲያደርቅ ሊውል ይችላል፤ ልጣጩም በኪሎ ነው። እናንተ ያላችሁ የሁለት ካሮት ልጣጭ ነው። ከሼፍ የሚወሰደው ለተናቀው የምግብ ክፍል ያለው አክብሮት ነው። አሠራሩ ይቅርባችሁ።

ገንዘቡ ከየት ነው?

ሁሉም ይሸጣል። ጸሐፊው መጽሐፍ ይሸጣል፣ ዓምዱ አጠገብ ማስታወቂያ አለ። ኢንፍሉዌንሰሯ ስፖንሰር አላት፣ የቅናሽ ኮድ አላት፣ በሊንኳ በተገዛ ቁጥር ኮሚሽን አላት። ሰው ከሥራው መብላቱ ነውር አይደለም። ልዩነቱ የሚሸጠው ነገር ከምክሩ ጋር ይጣላል ወይ ነው። መጽሐፍ የሚሸጥ ሰው «ያላችሁን አብስሉ» ቢላችሁ የሚጎድልበት የለም። ብልቃጥ የሚሸጥ ሰው ግን «ያላችሁ ብልቃጥ ይበቃል» ለማለት ከራሱ ኪስ መክፈል አለበት።

አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንዲህ ያለ የገንዘብ ግንኙነት በማያሻማ ሁኔታ እንዲገለጽ ይጠይቃል። ሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ደንብ አላቸው። ግን ደንቡን ሳንጠብቅ ራሳችን የምንሠራው ቀላል ሥራ አለ። የሰውየውን የመጨረሻ አሥር ፖስቶች ቁጠሩ። ስንቱ ግዙ ይላል? እኔ የማደንቃትን አንዷን ስቆጥር ሰባቱ ግዙ ሆኑብኝ። ሁለቱ ጉዞ ነበሩ። አንዱ ብቻ ስለ ምግብ ነበር፣ እሱም የሙዝ ልጣጭ።

እንግዲህ ማንን?

መጀመሪያ ቅርጫታችሁን እወቁ። ለአንድ ሳምንት ሦስት ጎድጓዳ ሳህን ወይም ያረጀ ባልዲ አስቀምጡ። አንዱ ውስጥ ልጣጭ፣ አጥንትና ፍሬ ይግባ። ሁለተኛው ውስጥ ሊበላ ይችል የነበረ ምግብ፣ ሦስተኛው ውስጥ ማሸጊያ። ማታ ማታ መዝኑና ጻፉ። ሚዛን ከሌለ በዓይን ግምትም ይሆናል። ለማንም አታሳዩት፣ ፎቶም አታንሱት። ፎቶ የሚነሳ ቅርጫት ወዲያው ጨዋ ይሆናል።

የማሸጊያው ባልዲ ከሞላ የብልቃጧን ልጅ ተከተሉ፣ «ግዙ» የሚሉ ፖስቶቿን እየዘለላችሁ። ሊበላ ይችል የነበረው ከበዛ የምግብ ጸሐፊ ነው የሚያስፈልጋችሁ፤ ያውም ስለ መጠንና ስለ ነገ የሚጽፍ፣ «ወይም» የሚያበዛ። ብቻውን ለሚኖር ሰው ይህ በተለይ ይሠራል። የገበያ መጠን ለብቸኛ ሰው አልተሠራም፤ አንድ ጥቅል ጎመን ለአንድ ሰው የሳምንት ቅጣት ነው። ልጆች ያሉበት ቤት ደግሞ ሳህን ላይ የሚቀረውን ማንም አያስተካክለውም። ትንሽ እየሰጡ መድገም እንጂ ሌላ መድኃኒት አላየሁም። ለዚህ ከማንኛውም ሼፍ ይልቅ ልጅ ያላት፣ ኩሽናዋ የተዝረከረከ ቪዲዮ ሠሪ ትሻላለች።

የልጣጩ ባልዲ ብቻ የሚሞላ ከሆነ ጎበዞች ናችሁ። አሁን ስለ ኮምፖስት ማንበብ ትችላላችሁ። ቦታ ከሌላችሁ የልጣጭ ጸጸት አይያዛችሁ። የሽንኩርት ቅርፊት መጣል ሙሉ ድስት ሩዝ እንደመድፋት አይደለም።

ምንም ለማንበብ ጊዜ የለኝም የምትሉ ካላችሁ ቪዲዮ ይበቃችኋል፣ በአንድ ሁኔታ። የሰውየው ምግብ ሲበላሽም የሚያሳይ ይሁን። ሁልጊዜ የሚሳካለት ሰው ካሜራውን እየመረጠ ነው የሚያበራው።

የኔን ባልዲ ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። በሳምንቱ መጨረሻ የልጣጩ ባልዲ 900 ግራም ሆነ። ማሸጊያው ከዚያ ያንሳል። ሊበላ ይችል የነበረው 2 ኪሎ ከ300 ግራም ነበር። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላዩ ሩዝና ዳቦ ነው። ከምከተላቸው አሥራ አንድ ሰዎች ስለ ሩዝና ዳቦ መጠን ያወራ አልነበረም። ዘጠኙን አንፎሎው አደረግኩ። የብሮኮሊዋ ሴትዮ ቀረች፣ አንድ ደግሞ ዘወትር ምግብ የሚያርርበት ልጅ አለ፣ እሱም ቀረ። የቆየው የምግብ ዓምድ ታትሞ የፍሪጁ በር ላይ ተለጠፈ።

ዳቦው አሁን የሚገባው ፍሪዘር ውስጥ ነው። ገና እንደተገዛ ይቆራረጥና የልጣጩ ፌስታል በነበረበት ቦታ ይቀመጣል፤ ጠዋት ሁለት ሁለት ቁራጭ ብቻ ይወጣል። የፍሪዘሩ በርም ይዘጋል።